የብረት ፋይበር ኮንክሪት ወለል፦ ከፋይበር ምርጫ እስከ ቢም ሰበራ (አዳማ ላይ ለሚሠራ ሰው)

ጭቃ አቡክቶ ግድግዳ መርጎ የሚያውቅ ሰው የብረት ፋይበርን ለመረዳት ጊዜ አይፈጅበትም። ጭድ ያልገባበት ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ቆይቶም እየተቀረፈ ይወርዳል። የጤፍ ጭድ የገባበትም መሰንጠቁ አይቀርለትም። ነገር ግን አይወርድም፤ ጭዱ ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ማዶ ይዞ ያቆየዋል። ኮንክሪት ውስጥ የምንበትነው አጭር የብረት ሽቦም ሥራው ይኸው ነው።

ይህን ያህል ቀላል ነገር ግን ሳይት ላይ ሲሳት አይቻለሁ። አንድ ኮንትራክተር ለመጋዘን ወለል ፋይበር ከገዛ በኋላ ሲ-25ቱ (25 ሜጋ ፓስካል ግፊት የሚችለው ኮንክሪት) ሲ-30 ሆኖ እንደሚወጣ እርግጠኛ ነበር። በ28ኛው ቀን ለፍተሻ የተቀረጸው ኪዩብ 26 ሜጋ ፓስካል ላይ ሲሰበር፣ “ታዲያ ገንዘቤ የት ገባ?” አለኝ። ገንዘቡ የገባው የኪዩብ ማሽን የማያየው ቦታ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሚያጠነጥነው በአንድ ነጥብ ላይ ነው፦ ፋይበር የሚገዛው ኮንክሪቱ ከተሰነጠቀ በኋላ ላለው ጊዜ ነው። የምትመርጡት፣ የምታቀላቅሉትም የምትፈትሹትም ይህን አስባችሁ ነው።

ለምሳሌ የምንይዘው አዳማ ላይ የሚሠራ 400 ካሬ ሜትር የመጋዘን ወለል ነው፤ ውፍረቱ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ኮንክሪቱ 60 ሜትር ኩብ። የፍጥነት መንገዱ በ2014 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ፣ የጅቡቲ ባቡርም ከተማዋን አልፎ መሄድ ከጀመረ ወዲህ እዚህ መጋዘን የሚያሠራ ሰው በዝቷል፤ ስለ ፋይበር ወለል የሚጠይቁኝም እነሱው ናቸው።

ምን ይለወጣል? ምን አይለወጥም?

ኮንክሪት ሲጫኑት ብርቱ ነው፣ ሲስቡት ግን ደካማ። የመሳብ ጥንካሬው የመጨመቅ ጥንካሬው አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። ወለሉ ላይ ፎርክሊፍት ሲያልፍ ኮንክሪቱ በዓይን በማይታይ መጠን ይጎብጣል፤ የታችኛው ፊቱ ይሳባል፤ መሳቡ ከአቅሙ ሲያልፍ ይሰነጠቃል። ባዶ ኮንክሪት እዚያች ቅጽበት ላይ ያበቃለታል።

ፋይበር ያለበት ኮንክሪት የሚሰነጠቀው በዚያው ጭነት አካባቢ ነው። ልዩነቱ የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። ስንጥቁ ሊከፈት ሲል አቋርጠውት ያለፉት ሽቦዎች ይወጠራሉ። ጫፋቸው እንደ መንጠቆ የታጠፈ ስለሆነ ዝም ብለው አይወጡም፤ ለመውጣት መንጠቆው መጀመሪያ መቃናት አለበት። ያን ሁሉ መንጠቆ ማቃናት ጉልበት ይጠይቃል፤ ጭነቱን የሚሸከመውም ይኸው ጉልበት ነው። ስንጥቁ ጠባብ ሆኖ ይቀራል፣ ጭነቱ ወደ ጎረቤቱ ኮንክሪት ይዛወራል፣ ወለሉም መሥራቱን ይቀጥላል።

የመጨመቅ ጥንካሬን በተመለከተ፣ ፋይበሩ ከኮንክሪቱ መጠን 1.5 በመቶ ቢደርስ እንኳ ጭማሪው ከ0 እስከ 15 በመቶ ቢሆን ነው። ለወለል የምንጠቀመው ደግሞ ከግማሽ በመቶ በታች ነው። ስለዚህ ኪዩባችሁ ፋይበር ኖረም አልኖረም ያው ይወጣል። አሰባበሩ ግን ይለያል፦ ባዶው ኪዩብ ፈንድቶ ማሽኑ ሥር ይበተናል፤ ፋይበር ያለበትን ተሰነጣጥቆም ቢሆን እንደ አንድ ድንጋይ አንስታችሁ ታወጡታላችሁ።

ኮንክሪቱ ሲደርቅ መኮማተሩንም ፋይበር አያስቀረውም። የሚያደርገው አንዱን ሰፊ ስንጥቅ በርካታ ቀጫጭን ስንጥቆች አድርጎ መበተን ነው። በአንጻሩ ድንገት የሚወድቅ ነገርን በመቋቋምና ተደጋጋሚ የጎማ ጭነትን በመሸከም ከባዶ ኮንክሪት እጅግ ይበልጣል። መጋዘን የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

የት አይገባም

የፎቅ ሶሌታ፣ ቢምና ኮለን ላይ “ፌሮውን ትተን ፋይበር እናድርግ” የሚል ሐሳብ ከመጣ እዚያው አስቁሙት። በወለል መጠን የተጨመረ ፋይበር የዋና ፌሮን ቦታ አይተካም። መሬት ላይ የሚተኛ ወለል፣ የመንገድ ኮንክሪት፣ የዋሻ ግድግዳ ላይ የሚረጭ ኮንክሪት፣ በፋብሪካ የሚመረት ቱቦ፣ እነዚህ ናቸው ቤቱ።

ወለል ላይ የሚተካው የመረብ ፌሮን ነው። ባለ 8 ቁጥር ፌሮ በ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት በሁለቱም አቅጣጫ ቢዘረጋ በካሬ ሜትር 4 ኪሎ ገደማ ነው። በሜትር ኩብ 30 ኪሎ ፋይበር ደግሞ በ15 ሴንቲ ሜትር ወለል ላይ በካሬ 4.5 ኪሎ ይመጣል። እንደምታዩት የብረቱ ክብደት ብዙ አይለያይም። ትርፉ ፌራዮ አለመቅጠሩ፣ ማሰሪያ ሽቦ አለመፍጀቱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በሠራተኛ እግር ተረግጦ ከሥር መሬት ላይ የሚቀር መረብ አለመኖሩ ነው። ሳይት የዋለ ሰው ይህን የመጨረሻውን ያውቀዋል።

ፋይበሩን መምረጥ

ከሻጩ ጋር ስታወሩ ሦስት ቁጥር ጠይቁ፦ ርዝመት፣ ውፍረት፣ የሽቦው የመሳብ ጥንካሬ።

ርዝመቱ ከትልቁ ጠጠር ቢያንስ 2 እጥፍ፣ ቢቻል 3 እጥፍ መሆን አለበት፤ አለዚያ ስንጥቁ ጠጠሩን ዞሮ ሲያልፍ ፋይበሩ አጥሮበት አይደርስም። 20 ሚሊ ሜትር ጠጠር ከያዛችሁ 50 ወይም 60 ሚሊ ሜትር ፋይበር ውሰዱ።

ከዚያ ርዝመቱን ለውፍረቱ አካፍሉ። 60 ሚሊ ሜትር ርዝመትና 0.9 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው 67 ይመጣል። ይህ ቁጥር ከፍ ሲል ፋይበሩ ይበልጥ ይሠራል፤ ግን መደባለቁም ይከብዳል። 80 የሚደርስ ከሆነ በውኃ በሚሟሟ ሙጫ እየተያያዘ በጥቅል የሚመጣውን ምረጡ፤ ሚክሰር ውስጥ ሙጫው ሲሟሟ በየአንዱ ይለያያል። በእጅ ለሚመገብ ትንሽ ሚክሰር እኔ ከ50 እስከ 65 ባለው ውስጥ እቆያለሁ።

ውፍረት ሲቀንስ በኪሎ የሚገኘው ቁጥር ይጨምራል። ባለ 0.9ኙ 60 ሚሊ ሜትር ፋይበር በኪሎ 3,300 ያህል ፍሬ አለው፤ 1 ሚሊ ሜትር የሆነው 2,700፤ 0.75 የሆነው 4,800። ስለዚህ “30 ኪሎ” ብቻውን ምንም አይናገርም፤ 30 ኪሎ የምኑ?

የሽቦው ጥንካሬ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አስቲኤም ኤ820 የሚባለው የአሜሪካ ደረጃ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ጥንካሬ 345 ሜጋ ፓስካል ብቻ ነው። “ደረጃውን ያሟላል” የሚል ወረቀት ስላለው ብቻ አትርኩ፤ ለወለል የሚመጡት መንጠቆ ያላቸው ፋይበሮች በአብዛኛው ከ1,000 ሜጋ ፓስካል በላይ ናቸው፤ ቁጥሩን በወረቀት ላይ እዩት።

ማሰሪያ ሽቦ በመቀስ ቆርጠን ብንጨምርስ? ይህ ሁሌም የሚነሳ ጥያቄ ነው። ለትምህርት መለማመጃ ይሆን ይሆናል። ማሰሪያ ሽቦ ግን እንዲታጠፍ ተብሎ በእሳት የለሰለሰ ነው፤ ገጹ ልሙጥ፣ ጫፉ ቀጥ ያለ፤ ስንጥቁ ሲከፈት ከቅቤ እንደሚወጣ ቢላ ሾልኮ ይወጣል። ደግሞም ከጥቅል ስለሚፈታ ጠመዝማዛ ነው፣ እርስ በርሱ ይተበተባል። ለሚከፈልበት ወለል አልመክርም።

አሸዋ፣ ጠጠር፣ ሲሚንቶ

ፋይበር ብዙ ሊጥ ይፈልጋል፤ እያንዳንዱ ሽቦ ዙሪያውን በሲሚንቶና በአሸዋ መሸፈን አለበት። ስለዚህ ከለመዳችሁት ትንሽ አሸዋ ጨምሩ፣ ከ02 (ትልቁ) ጠጠር ትንሽ ቀንሱ። ለሜትር ኩብ መነሻ የሚሆን፦ ኦፒሲ (ተራ ፖርትላንድ) ሲሚንቶ 350 ኪሎ (7 ከረጢት)፣ ውኃ 170 ሊትር፣ አሸዋ 840 ኪሎ፣ 01 (ደቃቁ) ጠጠር 350 ኪሎ፣ 02 ጠጠር 650 ኪሎ፣ ፋይበር 30 ኪሎ፣ ሱፐርፕላስቲሳይዘር (ውኃ ሳይጨመር ኮንክሪቱን የሚያቀጥን አድሚክስቸር) አምራቹ በሚለው መጠን። ይህ መነሻ ነው፤ በእናንተ አሸዋ ሙከራ ሳትሠሩ አታፍሱ።

የስምጥ ሸለቆ አሸዋ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጠርሙስ ውስጥ እስከ ግማሽ አሸዋ አድርጉ፣ ውኃ ሙሉበት፣ አናውጡትና አሳድሩት። ጠዋት ሁለት ነገር እዩ። ከአሸዋው በላይ የተኛው የደለል ሽፋን ከ6 በመቶ ከበለጠ አሸዋው መታጠብ አለበት። ውኃው ላይ የተንሳፈፉ ነጣ ያሉ ፍሬዎች ካሉ ደግሞ እነሱ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፍርፋሪ ናቸው፤ እንደ ስፖንጅ ውኃ ይመጥጣሉ። ጥቂት ከሆኑ ግድ የለም፤ ውኃውን ከሸፈኑት ግን ያን አሸዋ ለሌላ ሥራ አውሉት። ፋይበር ራሱ ኮንክሪቱን ያደርቀዋል፤ ውኃ ጠጪ አሸዋ ተጨምሮበት ሠራተኛው ባልዲ ፍለጋ መሮጡ አይቀርም።

ማቀላቀል

ሥራው የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ እዚህ ነው፤ የእኔም ተበላሽቷል።

የመጀመሪያ የፋይበር ወለሌ ላይ የሚክሰሩ ልጅ ሥራ ለማፋጠን ብሎ 20 ኪሎውን ካርቶን ቀዶ ባንዴ ገለበጠው። ከበሮው ዞረ፤ ለጥቂት ጊዜ የታወቀ ነገር አልነበረም። ሲደፋ ከኮንክሪቱ መሐል ሁለት ጡጫ የሚያህል፣ ዙሪያውን ሽቦ የወጣበት ድቡልቡል ወረደ። ሽማግሌው ፎርማናችን በአካፋ ገልበጥ አድርገው አዩትና፣ “ልጄ፣ እኛ ኮንክሪት አቡካ አልን እንጂ ጃርት አርባ ብለንሃል?” አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያ ሳይት ላይ ስሙ ጃርት ሆኖ ቀረ፤ የኳሱም፣ የልጁም።

ጃርቱን በአካፋ ብትመቱት አይፈታም። ውስጡ ሊጥ ያልደረሰው ባዶ ነው፤ ወለል ውስጥ ከገባ በዚያ በኩል ጉድጓድ፣ በሌላው በኩል ደግሞ ፋይበር አልባ ኮንክሪት አላችሁ ማለት ነው። ለቅማችሁ ጣሉት።

እንዳይፈጠር ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። በትንሽ ሚክሰር አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ስታቦኩ የአንድ ሜትር ኩብ ሰባተኛ ነው፤ ስለዚህ ፋይበሩ 30 ሲካፈል ለ7፣ 4.3 ኪሎ ይሆናል። ይህን አንድ ጊዜ በሚዛን መዝኑና ባልዲ ላይ ቀለም አስምሩ፤ ከዚያ በኋላ በባልዲው መሥራት ትችላላችሁ፤ በየጠዋቱ ግን አንዴ በሚዛን አረጋግጡ። ከበሮው ውስጥ ጠጠሩንና ግማሹን ውኃ አስገቡ፣ ቀጥሎ ሲሚንቶና አሸዋ፣ ከዚያ የቀረውን ውኃ ከአድሚክስቸሩ ጋር። ኮንክሪቱ ሙሉ በሙሉ ከተዋሐደ በኋላ ብቻ ፋይበሩን ጨው እንደሚነሰንስ ሰው በእጅ እየበተናችሁ፣ አንድ ደቂቃ ያህል ወስዳችሁ ጨምሩ። ከዚያ 2 ደቂቃ ይዙር። ባዶ ከበሮ ውስጥ ፋይበርን ቀድሞ ማስገባት ጃርትን መጋበዝ ነው።

በመኪና ሚክሰር ከመጣ ደግሞ ለ6 ሜትር ኩብ 180 ኪሎ ፋይበር አለ። ከበሮው በሙሉ ፍጥነት እየዞረ በደቂቃ ከ40 ኪሎ ሳትበልጡ አስገቡ። ካለቀ በኋላ በሜትር ኩብ አንድ ደቂቃ ሒሳብ፣ ከ5 ደቂቃ ሳያንስ ያዙሩት። ሾፌሩ “በቃ ተደባልቋል” ቢል ሰዓታችሁን እዩ እንጂ እሱን አትስሙ። ፓምፕ ካለ ለ60 ሚሊ ሜትር ፋይበር የ125 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ይሻላል።

ጓንት፣ መነጽርና ቦቲ ጫማ ሳያደርግ ፋይበር የሚነካ ሰው አይኑር።

ስላምፕን (እርጥብ ኮንክሪት ከሻጋታው ሲወጣ የሚሰምጥበትን ልክ) በተመለከተ፦ ፋይበር ሲገባ ከ25 እስከ 75 ሚሊ ሜትር ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ፋይበር ከመግባቱ በፊት 150 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን። ከገባ በኋላ ኮንክሪቱ ደርቆ የቆመ ይመስላል፤ ቫይብሬተር ሲነካው ግን ይፈስሳል። መልኩን አይታችሁ ውኃ እንዳትጨምሩ። ካነሰ አድሚክስቸር ጨምሩ። በሁለት ባልዲ ውኃ የተዳከመ ሊጥ መንጠቆውን አጥብቆ መያዝ አይችልም፤ ያን ጊዜ ኪዩባችሁም ፋይበራችሁም አብረው ሄዱ።

ፋይበሩ በእርግጥ ገብቷል? አጥቦ ማየት

የተረፈ ካርቶን ቆጥሮ “ገብቷል” ማለት ይቻላል፤ እኩል መዳረሱን ግን ካርቶን አይናገርም። ፍተሻው ቀላል ስለሆነ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ከመኪናው መጀመሪያ፣ መሐልና መጨረሻ ላይ በ10 ሊትር ዕቃ ልክ ሙሉ ኮንክሪት ያዙ፤ በትንሽ ሚክሰር ከሆነ ከሦስት የተለያዩ ቡካታዎች ውሰዱ። እያንዳንዱን ሰፊ ሳፋ ውስጥ ገልብጣችሁ ውኃ እያፈሰሳችሁ እጠቡ። ሲሚንቶው ከሄደ በኋላ ማግኔት አሳልፉበት፤ እኔ የምጠቀመው ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የተነቀለ ማግኔት በፌስታል ጠቅልዬ ነው፣ ፌስታሉን ስትገለብጡት ፋይበሩ ተሰብስቦ ይወርዳል። አድርቁና ግራም በሚያሳይ የሱቅ ሚዛን መዝኑ።

በሜትር ኩብ 30 ኪሎ ማለት በ10 ሊትር 300 ግራም ማለት ነው። የአውሮፓው የኮንክሪት ደረጃ እያንዳንዱ ናሙና ከታዘዘው ከ80 በመቶ፣ የሦስቱ አማካይ ደግሞ ከ85 በመቶ እንዳያንስ ይጠይቃል፤ በእኛ ቁጥር 240 እና 255 ግራም። ለምሳሌ 270፣ 310፣ 295 ከወጣ ተኙ። 190፣ 300፣ 410 ከወጣ ግን አማካዩ ልክ 300 ቢሆንም አትታለሉ፤ መጀመሪያ የወረደው ኮንክሪት ተርቧል፣ መጨረሻ ላይ ያለው ጠግቧል። የማዞሪያው ጊዜ አጥሯል ማለት ነው።

ማፍሰስ፦ ነፋሱን ቀድሞ

ከአዳማ ኮረብታዎች ላይ የነፋስ ማመንጫዎቹ ሲሽከረከሩ ይታያሉ፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ 51 ሜጋ ዋት፣ ሁለተኛው 153። ሁለት ጊዜ “ነፋሱ ያዋጣል” ተብሎ ገንዘብ የፈሰሰበት ከተማ ላይ ወለል የሚያፈስ ሰው ነፋሱን ሳያስብ ባይነሳ ጥሩ ነው።

ከእርጥብ ኮንክሪት ገጽ በሰዓት በካሬ ሜትር 1 ኪሎ ያህል ውኃ ከተነነ ኮንክሪቱ ገና ሳይጠነክር ይሰነጠቃል። ሙቀት፣ ደረቅ አየርና ነፋስ አንድ ላይ ሲመጡ እዚያ መድረስ ቀላል ነው። የብረት ፋይበር ደግሞ እዚህ አያድናችሁም፤ በዚያ ሰዓት ሊጡ ለስላሳ ስለሆነ መንጠቆው የሚይዘው ነገር የለም።

ስለዚህ በጠዋቱ ጀምሩ። 60 ሜትር ኩብ በአንድ ከረጢት ቡካታ 420 ጊዜ ማቡካት ነው፤ በአንድ ቀን አይሞከርም። በአምስት ጠዋት ብትከፍሉት በቀን 84 ቡካታ ይደርሳችኋል፤ ሁለት ሚክሰር ካለ ለእያንዳንዱ 42። አንዱ ቡካታ 6 ደቂቃ ቢወስድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምራችሁ ረፋዱ 4 ሰዓት አለፍ ሲል ታበቃላችሁ፤ ነፋሱ ሳይከር። በነፋሱ በኩል ሸራ ወጥሩ፣ የጠጠሩን ክምር ከዋዜማው ጀምሮ ውኃ አጠጡት።

ከሥር ያለው ሰሌክት (ተመርጦ የተሞላው አፈር) በደንብ ተጠቅጥቆ ደልዳላ መሆን አለበት። በላዩ ፕላስቲክ ዘርጉ፤ ወለሉ ሲኮማተር እንዲንሸራተት ይረዳዋል። ኮለን ባለበት ቦታ ዙሪያውን ወለሉን ከኮለኑ ለዩት፤ ወደ ውስጥ በሚገቡ ማዕዘኖች ላይ ሁለት አጫጭር ፌሮ በሰያፍ ጣል አድርጉ፣ ፋይበር ብቻውን እዚያ አይበቃም።

ቫይብሬተር አንድ ቦታ ላይ አታቆዩ። ብዙ ከቆየ ፋይበሩ ወደ ታች ይወርዳል፣ መርፌው የቆመበት ቦታም ሊጥ ብቻ ይቀራል። በስታጂያ (ቀጥ ባለው ማስተካከያ) ስትስቡ ከላይ የሚቀሩት ሽቦዎች የሚሰጥሙት በሚንቀጠቀጥ ስታጂያ ነው፤ በእንጨት ብቻ ከተሳበ ፊቱ ፂም ያበቅላል። ጆንያ እየጎተቱ መጨረስ የለመደ ሰው ካለ ዛሬ ይተው፤ ጆንያው ሽቦውን ነቅሎ ያወጣዋል።

መቁረጥና ውኃ ማጠጣት

ወለሉ ሲኮማተር ስንጥቁ እኛ በመረጥነው መስመር እንዲሄድ ፊቱ በመጋዝ ይቆረጣል። ለ15 ሴንቲ ሜትር ወለል መስመሮቹን በ4.5 ሜትር ርቀት አድርጉ። ጥልቀቱ የውፍረቱ ሲሶ፣ ማለትም 5 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ለባዶ ኮንክሪት ሩብ ይበቃል፣ ፋይበር ግን ስንጥቁን ይዞ ስለሚያስቸግር ጠለቅ ይላል። ጊዜውን የሚነግራችሁ ምላጩ ነው፦ ጠርዙን እየፈረፈረ ሽቦ የሚነቅል ከሆነ ቸኩላችኋል። በሙቀት ቀን በዚያው ዕለት ማምሻውን ይደርሳል፤ “ነገ እንቆርጣለን” ብሎ ያደረ ሰው ጠዋት ስንጥቁ ራሱ መስመሩን መርጦ ይጠብቀዋል።

ቢያንስ 7 ቀን እርጥብ ይሁን። ጆንያ አልብሶ፣ ውኃ አርከፍክፎ፣ ከላይ ፕላስቲክ ማልበስ። ፕላስቲኩን ነፋሱ እንዳይወስደው ጠርዙ ላይ አሸዋ ጫኑ።

ገጽ ላይ ብቅ ያለች ሽቦ ብትዝግ ትንሽ ቡኒ ነጥብ ትተዋለች፤ ኮንክሪቱን አታፈነዳም። ውስጥ ያሉት በአብዛኛው አይዝጉም። የወጣችውን በፒንሳ ከሥሯ ቁረጧት እንጂ አትንቀሏት።

ቢም መስበር

ኪዩብ የሲሚንቶውን ጉዳይ ይነግራችኋል፤ እሱንም ውሰዱ። የፋይበሩን ለማወቅ ግን ለፍተሻ የሚቀረጽ ትንሽ ቢም ያስፈልጋል። ኢኤን 14651 የተባለው የአውሮፓ ደረጃ የሚጠቀመው 150 በ150 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ከ550 እስከ 700 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ቢም ነው።

ስትሞሉት መጀመሪያ መሐሉን፣ ከዚያ ሁለቱን ጫፎች ሙሉ። በዘንግ አትውጉ፣ መርፌ ቫይብሬተር አታስገቡ፤ ሁለቱም ፋይበሩን ወደ አንድ አቅጣጫ ያስተኙታል። ሻጋታውን ከውጭ አንቀጥቅጡት። ሲጠነክር ወደ ጎኑ አዙራችሁ፣ መሐሉ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ቀጭን መስመር በመጋዝ ይቆረጥበታል፤ ስንጥቁ የት እንደሚጀምር አስቀድሞ ለመወሰን ነው። 28 ቀን እስኪሞላው ውኃ ውስጥ ይቆያል። ከዚያ በ500 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ ባሉ ሁለት ድጋፎች ተቀምጦ ከላይ መሐሉ ይጫናል፤ የተቆረጠው አፍ ምን ያህል እንደተከፈተም ይለካል።

ሒሳቡ አያስፈራም። ከመጋዙ በላይ የቀረው ቁመት 125 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ጭነቱን በኪሎ ኒውተን ወስዳችሁ በ0.32 ስታባዙ ጥንካሬው በሜጋ ፓስካል ይመጣል። ለምሳሌ ኮንክሪቱ መጀመሪያ የተሰነጠቀው በ14 ኪሎ ኒውተን ቢሆን 4.5 ሜጋ ፓስካል ነው። አፉ 0.5 ሚሊ ሜትር ሲከፈት 7.5 ኪሎ ኒውተን ይዞ ከነበረ 2.4። 2.5 ሚሊ ሜትር ሲከፈት 7 ከያዘ 2.24።

አሁን ሁለት ማካፈል። 2.4 ለ4.5 ሲካፈል 0.53 ነው፤ ከ0.4 መብለጥ አለበት፣ በልጧል። 2.24 ለ2.4 ሲካፈል 0.93፤ ከ0.5 መብለጥ አለበት፣ በልጧል። ሁለቱ ካለፉ ፋይበሩ በስሌት ውስጥ እንደ ብረት ሊቆጠር ይችላል፤ የመጨረሻውን ስሌት የሚሠራው መሐንዲስ ግን ከአማካዩ ይልቅ ለልዩነት ተብሎ ዝቅ የተደረገውን ቁጥር ይይዛል። ምክንያቱም ከአንድ ቡካታ የወጡ ቢሞች እንኳ ከ15 እስከ 25 በመቶ ሊራራቁ ይችላሉ፤ አንዱ መሐሉ ላይ ብዙ ሽቦ ደርሶታል፣ ሌላው ጥቂት። ሁለት ቢም ሰብሮ መደምደም ስለማይቻል ቢያንስ 6 አዘጋጁ።

ከተማችን ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ስላላት ላብራቶሪ ለመጠየቅ ሩቅ አትሄዱም። ስትጠይቁ ግን “ቢም ትሰብራላችሁ?” ብቻ አትበሉ፤ “ማሽኑ ስንጥቁ የሚከፈትበትን ፍጥነት እያየ ጭነቱን ይቆጣጠራል ወይ?” በሉ። ተራ ማሽን ኮንክሪቱ ሲሰነጠቅ ተወርውሮ ያልፋል፤ ልናየው የምንፈልገው ክፍል በዚያ ዝላይ ውስጥ ይጠፋል። እንዲህ ያለ ማሽን ከሌለ አስቲኤም ሲ1399 መላ አለው፦ 100 በ100 በ350 ሚሊ ሜትር የሆነ ቢም ከሥሩ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ጠፍጣፋ ተደርጎለት እስኪሰነጠቅ ይጫናል፤ ጠፍጣፋው ዝላዩን ይይዘዋል። ከዚያ ጠፍጣፋው ወጥቶ የተሰነጠቀው ቢም ብቻውን እንደገና ይጫናል። በ0.50፣ 0.75፣ 1.00 እና 1.25 ሚሊ ሜትር ጉብጠት ላይ የያዘው ጭነት አማካይ ይወሰዳል።

ማሽኑ ሥራውን ሲጨርስ ቢሙን ትታችሁ እንዳትሄዱ። ለሁለት ገንጥላችሁ የተሰበረውን ፊት ወደ ፀሐይ አዙሩ። ሽቦዎቹ ከኮንክሪቱ ወጥተው ቆመው ታገኛላችሁ። አንዷን በጣታችሁ ዳሰስ አድርጉ፤ ጫፏ ላይ የነበረው መንጠቆ ተቃንቶ ነገር ግን የድሮው እጥፋት ጠባሳ የቀረባት ከሆነ ሥራዋን ሠርታ ነው የወጣችው። መንጠቆው እንደታጠፈ ከነቅርጹ ወጥቶ፣ የወጣበትም ቀዳዳ ሰፍቶ ከተፈረፈረ ሊጡ ደካማ ነበር፤ ወደ ውኃው ሒሳብ ተመለሱ። ሽቦዋ መሐሏ ላይ ተበጥሳ ካገኛችኋት ደግሞ ለዚያ ኮንክሪት የማትመጥን ደካማ ሽቦ ነች፤ የቀረውን ካርቶን ሳትከፍቱ ሻጩን የጥንካሬ ወረቀቱን እንደገና ጠይቁት።